የጫማ ካርቶን

ኬሚ ላይ በጥር ወር ፀሐይ እንግዳ ናት፤
ለምሳ ብቅ ብላ፣ ምሳ ሳይቀርብላት፣
ካፖርቷን ሳታወልቅ
ውልቅ ትላለች ከቤት።

እኔ ግን እዚሁ ነኝ። ሃያ ሦስት ዓመት
የአንድ ትምህርት ቤት ነርስ፦
ትኩሳት ስለካ፣ ክትባት ስወጋ፣
በረዶ ለጣለው ጉልበት፣ መልሼ በረዶ ሳስጠጋ።
በየዓመቱ ጥር ላይ፣ ስምንተኛ ክፍል ገብቼ
አስቀምጣለሁ አንድ ካርቶን፣
ቁጥር አርባ አንድ፣ የአባቴን ቦቲ ይዞ የነበረውን።
በምላጭ አፍ ከፍቼለት
አፍ ለጠፋው ሰጠሁት፦
“ጠይቁ። ስም አይጻፍበት።”

ድሮ
(ሩቅ አይደለም ድሮ ስል፤ ስልክ ዓይን ሳያወጣ፣ ሁለመናው ጆሮ)
የካርቶኑ ሆድ ሲከፈት ሣቅ ነበር የሚሞላው፦
“መሳም ያማል ወይ?” “ጢም ስንት ወር ነው የሚፈጀው?”
“ድምፄ እንደ ቁራ ሆነ፤ መድኃኒት የለውም?”
አንዷማ፦ “ከዚያ ልጅ ጋር አውቶቡስ ስጠብቅ፣ አጠገቡ ስቆም
ሆዴ ይንቦጫረቃል፤ ወስፋት ይሆን?” አለች።
ወስፋት አይደለም አልኋት። ሣቅን፤ ደወል ተደወለ።

ዘንድሮም ወረቀቱ ያው ነው፣ ጠርዙ የተተለተለ፤
ልጆቹ ሳያድጉ
ጥያቄው ሸመገለ።

“ካሜራው አገጬን ያሳምርልኛል። ውሸታሙ እሱ ነው ወይስ መስታወቱ?”
“ስንት ሰው እንደወደደኝ ልቆጥር ሌሊት እነቃለሁ። ካነሱ፣ እንቅልፍ የለም እስከ ንጋቱ።”
“ፎቶሽን ላኪ አለኝ። እምቢ ስለው፣ ‘ሁሉም ይልካል’ አለ።
ሁሉም ማነው? የት ነው ያለ?”

አንዱ ደግሞ በእርሳስ፣ ተጭኖ የጻፈ፣
ነጥቡ ወረቀቱን በስቶ ያለፈ፦
“ስልክ ላይ ያየኋቸው፣ እነዚያ ትልልቅ ሰዎች፣
ለምን አይሳሳቁም? አንዱስ አንዱን ‘ደህና ነሽ?’ አይልም?
መዋደድ እንደዚያ ከሆነ እኔ አልፈልገውም።
ፈራሁኝ።
እኔ ነኝ የተበላሸሁኝ?”

ቃሉ አይደለም የያዘኝ። ፊደሏ ናት፣ ‘ኬ’፤
እግሯ ከመሥመር ወርዶ እንደ ክር የተንጠለጠለ።
በግራ እጁ፣ እንዲህ አድርጎ፣ የሚጥላት አንድ ልጅ ነው ያለ፤
አምስት ዓመቱ ሳለ
ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ እኔው ነኝ ያስጻፍኩት።
አርኒ።
ትናንት እራት ላይ “ጨው አቀብዪኝ” አለኝ፤
ሌላ አልተናገረኝ።

ስም አይጻፍ ብያለሁ። እናትየዋ በር ስታንኳኳ
ነርሷ አልከፍትም አለች፤
ሌሊቱን ሙሉ ግን በቀዳዳው አየች።

ማክሰኞ። ሠላሳ አንድ ወንበር።
አርኒ መስኮቱን ያያል፤ መስኮቱ ላይ ከጨለማ በቀር
ምንም አልነበረም።
እኔም እሱን አላይም፤
ለማሞቂያው ቱቦ ነው የተናገርሁት፦

“ያያችሁት የሥራ ቦታ ነው። መብራት አለ፣ ‘ቁረጥ’ የሚል ሰው አለ፤
ሣቁም፣ ‘ደህና ነሽ?’ም፣ ማመንታቱም፣
መጀመሪያ የተቆረጠው እሱ ነው።
የፈራ ልጅ አልተበላሸም፤ በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል ማለት ነው።
እኔም ዕዳ አለብኝ። ሃያ ሦስት ዓመት ሥዕል ሰቅዬ፣
ይህ ማህፀን፣ ያ እንትን ብዬ፣
ሣቁን አልነገርኋችሁም።
ሥዕሉ ላይ አልነበረም።”

ማንም ምንም አላለም። አንዱ አስነጠሰ።

ማታ የፋብሪካው ጭስ ከሰማዩ ነጥቶ፣
ሾርባው ፈልቶ፣
ልጄ ስልኩን በፊቱ ደፍቶ
በላ። ተነሣ። ክፍሉ ገባ። ዘጋ።
ከዚያ፣ በተዘጋ በር፦

“እማ፣ አንቺና አባዬ
ትሳሳቁ ነበር?”

(ኡሉ ከሄደ አራት ዓመቱ ነው አባቱ፤ ያ ሌላ ነገር።)
“ነበር” አልሁት። “ከሠርጋችን በፊት፣ ሐይቅ ዳር፣ ዝናብ ሲወርድ
ድንኳኑ በላያችን ተንዶ፤
ባለጎረቤቱ ድንኳን ‘ዝም በሉ!’ እስኪል ነዶ።”

ከበሩ ማዶ
ሣቀ። መሃል ላይ ድምፁ ተሰበረ፤
እንደ ቁራ።

መድኃኒት የለውም፤
እሰይ።